የእንዶዱ ሰው፦ አክሊሉ ለማ

ለዚህ እትም ርዕስ የደረሰን በዕጣ ነበር። ጓደኞቼ ስፖርት፣ ሙዚቃና የከተማ ታሪክ ሲያወጡ፣ እኔ የከፈትኳት ብጣሽ ወረቀት ላይ ስቶይኪዮሜትሪ የሚል ቃል ተጽፎ አገኘሁ። እኔ እኮ ጋዜጠኝነት የገባሁት ከዚህ ቃል ሸሽቼ ነው! መሰናዶ እያለሁ ኢኩዌሽን ባላንስ አድርግ በተባልኩ ቁጥር በግራ ያሉት አቶሞች ከቀኞቹ ጋር ታርቀው አያውቁም ነበር። ይባስ ብሎ መመሪያው ርዕሱን በአንድ በሞተ ታዋቂ ሰው ሕይወት በኩል ጻፉት ይላል፤ ጥቅስ መጥቀስም ክልክል ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፈረንሳዊውን ላቮይዜን ነበር። በሚዛን እየመዘነ ነገር ሲቃጠል ክብደቱ ጠፍቶ እንደማይቀር ያሳየ፣ በ1794 በአብዮቱ ጊዜ አንገቱን የተቀላው ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግማሽ ገጽ ያህል ከጻፍኩለት በኋላ ግን ለሌላ ጉዳይ ሰኞ ገበያ ወረድኩና ሐሳቤን ለወጥኩ።

ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ሰኞ ገበያን ያውቃል። አንዲት እናት ጆንያ ላይ ጠቆር ያለ የደረቀ ፍሬ ዘርግተው በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው እንዶድ መሆኑንና ነጠላና ጋቢ በእሱ ሲታጠብ እንደ ሳሙናው ጥለት እንደማያበላሽ ነገሩኝ። አንድ ስኒ ገዛሁ። ስኒውን ሞልተው ከገለበጡልኝ በኋላ ደግሞ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ጨመሩልኝ፤ ምርቃት መሆኑ ነው። ያኔ ነው አክሊሉ ለማ ትዝ ያሉኝ። ስማቸውን ስንቶቻችን እንደምናውቅ አላውቅም፤ እኔ ራሴ የማውቀው እንዶድን ያገኙ ሳይንቲስት ናቸው የሚለውን ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን፣ ወደኋላ እንደምናየው፣ ልክ አይደለም።

ስቶይኪዮሜትሪ እንግዲህ ምርቃት የሌለበት ገበያ ነው። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውልና አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት የውኃ ሞለኪውል ይሰጣሉ። በግራም ሲሆን 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር 36 ግራም ውኃ ይሆናል። 5 ግራም ሃይድሮጅን ይዘህ ብትመጣ ኦክስጅኑ ያው 32 ከሆነ፣ የሚገኘው ውኃ ያው 36 ነው፤ ትርፏ አንድ ግራም ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ወሳኙ ያነሰው ነው የሚሉት ይህንን ነው። የገባኝ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ለአክሊሉ ታሪክ ግን ይበቃል።

አክሊሉ ለማ የጣሊያን ወረራ ዘመን ልጅ ናቸው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በሐረርጌ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሜሪካ ድረስ ዘልቀው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የያዙት ሙያ ጥገኛ ተሐዋስያንን ማጥናት ሲሆን፣ ያሳሰባቸው በሽታ ደግሞ ቢልሃርዚያ ነበር።

ስለ በሽታው ትንሽ ካልተባለ ታሪኩ አይገባም። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ በብዛት የሚገኘው ዓይነት እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል፤ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈልና አንዲት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ እየዋኘ የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የምታጥበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከደሴ ብዙም በማትርቀው በሐይቅ ከተማ በሽታው በትምህርት ቤት ልጆች ላይ መገኘቱ በ2015 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። የእኔም ታናሽ ወንድም አንድ ክረምት እዚያ አክስታችን ዘንድ ከርሞ፣ ሲዋኝም ውሎ ከተመለሰ በኋላ ሆዱን እያመመው ከርሟል። ምርመራው ቢልሃርዚያ አለ፤ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ዳነ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን የሚሰጠው በሰውነት ክብደት ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም ታስቦ ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1,200 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 600ውን እንክብል ሁለት ይውጣል። በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ሚዛን ስለማይበቃ ልጆቹን ምልክት በተደረገበት ዘንግ ቁመታቸውን ለክተው ይሰጧቸዋል። አክሊሉ ከአሜሪካ በተመለሱበት ዓመት ግን ይህ መድኃኒት አልነበረም። የነበሩት ለበሽተኛውም የሚከብዱ ነበሩ።

በዚያው በ1964 አክሊሉ ዓድዋ ሄዱ። ሥራቸው ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንዳሉ መፈለግ ነበር። ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። ከሴቶቹ በታች፣ ውኃው በሚወርድበት በኩል፣ ከሌላው ቦታ በተለየ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋው ጨምሪበት ብለው ጠየቁ። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ ክፍል ውስጥ ዜና ማለት ምንድን ነው እየተባልን ስንከራከር ከረምን። እነዚያ ሴቶች እንዶድን ከእናት ከአያታቸው ወርሰው፣ በዚያ ወንዝ ላይ ስንት ዘመን እንዳጠቡ ማን ያውቃል። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች በየሳምንቱ እዚያው ነበሩ። አክሊሉ ያደረጉት አዲሱ ነገር ቆም ብሎ ወደ ታች ማየትና አንዲት አጣቢ ሴት ማማከር ነው። እንዶድን አላገኙም፤ እንዶድ ድሮም ነበረ። ያገኙት በእንዶዱና በሞተችው ቀንድ አውጣ መካከል ያለውን ነገር ነው። ያቺ አረፋውን የጨመረችው ሴት ስሟ ባነበብኳቸው ጽሑፎች በአንዱም ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚዛን ሥራ ነው። ፍሬው ደረቀ፣ ተፈጨ፣ ተመዘነ፣ በውኃ ቀጠነ። የመጀመሪያው ሪፖርታቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ኋላ በስማቸው የተሰየመው እሱ ነው። ጥያቄው ለመናገር ቀላል፣ ለመመለስ ግን ልፋት ያለበት ነበር፦ ስንት ውኃ ውስጥ ስንት እንዶድ? እንበል ለአንድ ሊትር 20 ሚሊግራም ያስፈልግ። 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር 20 ግራም ይበቃዋል። ወንዝ ግን ታንከር አይደለም፣ ይሄዳል። በሰከንድ 10 ሊትር የምትፈስ ጅረት በአንድ ሰዓት 36,000 ሊትር ታሳልፋለች፤ ለዚያ 720 ግራም ይጠየቃል። ካነሰ ቀንድ አውጣዋ አትሞትም፤ ከበዛ ደግሞ ድካሙም ጉዳቱም ለከንቱ ነው። እንዶድ ዓሣም እንደሚገድል፣ የቀንድ አውጣዋን እንቁላል ደግሞ እምብዛም እንደማይጎዳ ሳይደበቅ መነገር አለበት። ጥሩነቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውኃው ውስጥ ፈርሶ ኃይሉን ማጣቱ ነው፤ ተከማችቶ አይቀርም።

ፍሬው ውስጥ ያለው ገዳይ ነገር ምንድን ነው? አክሊሉ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ሄደው ከእነ ፓርክኸርስት ጋር ይህን ሲፈልጉ ቆዩ። የተገኙት ሳፖኒን የሚባሉ ውሕዶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ በአክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። ሳፖኒን የሚለው ስም ከሳሙና የመጣ ነው፤ ስሙ እንዳያሳስተን እንጂ ሳሙና የሚሠራበት ሪአክሽን ሌላ ነው። ሳሙና ስብን ከአልካሊ ጋር አፍልተን ስቡን በመሰንጠቅ የምናገኘው ነው። እንዶድን ማንም አላፈላውም፤ አረፋውን ተክሉ ራሱ ሠርቶት ያድራል። የሁለቱም ሞለኪውል ግን አንድ ወገኑ ስብ ይወዳል፣ ሌላው ወገኑ ውኃ። እድፍ የሚለቀውም ለዚህ ነው፤ የቀንድ አውጣዋ ሕዋስ ስስ ሽፋን የሚፈርሰውም ለዚሁ።

አሁን ቆጠራው መጣ፤ የምፈራው ቦታ። ከእንዶድ ሳፖኒኖች አንዱን ልውሰድ። ስብ የሚወደው ወገኑ ኦሊያኖሊክ አሲድ ይባላል፦ 30 ካርቦን፣ 48 ሃይድሮጅን፣ 3 ኦክስጅን። በዚህ ላይ ሦስት ግሉኮስ ተቀጥለውበታል፤ እያንዳንዱ ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን ነው። ዝም ብለን ብንደምር 48 ካርቦን፣ 84 ሃይድሮጅንና 21 ኦክስጅን ይመጣል። ሳፖኒኑ ግን 48፣ 78 እና 18 ነው! መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስቴ ደመርኩ። አብራኝ የምታድር የኬሚስትሪ ተማሪ ናት ያስረዳችኝ፦ እያንዳንዱ ስኳር ሲቀጠል አንድ የውኃ ሞለኪውል ትወጣለች። ሦስት ስኳር፣ ሦስት ውኃ፤ 6 ሃይድሮጅንና 3 ኦክስጅን ጠፉ የተባሉት እዚያ ውኃ ውስጥ ናቸው። በክብደት ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16፣ ሃይድሮጅን 1 ብለን ስንይዝ አሲዱ 456፣ ሦስቱ ግሉኮስ 540፣ ድምር 996 ይሆናል። በሌላ በኩል ሳፖኒኑ 942፣ ሦስቱ ውኃ 54፤ ይህም 996። በሕይወቴ ባላንስ ያደረግኩት የመጀመሪያው ኢኩዌሽን ነው፤ ከፈተናው ስንት ዓመት ዘግይቶ!

ኋላ ላይ የታወቀው ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ሳይነካ በተቀመጠው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሌላው ጫፉ ላይ ተጨማሪ ስኳር ተሸክሞ ነው የሚኖረው፤ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣን የመግደል አቅሙ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ የነበረ ኤንዛይም ይነቃና ያንን ስኳር ይቆርጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ውኃ ይገባል። ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ ይሉታል፤ ከላይ ያየነው መንገድ ወደኋላ ሲሄድ ማለት ነው። ያ ተጨማሪ ስኳር አንድ ግሉኮስ ቢሆን 1,104 ሲደመር 18፣ ይህም 942 ሲደመር 180 ነው። ፍሬውን በአልኮል የዘፈዘፈ ሰው ኤንዛይሙን ሥራ ስለሚያስፈታው ደካማውን ያገኛል። የዓድዋ ሴቶች ወቅጠው በውኃ ነበር የሚያሹት። ፎርሙላውን አያውቁትም፤ ሪአክሽኑን ግን በእጃቸው ያካሂዱት ነበር።

ከ1969 ጀምሮ ዓድዋ ላይ ለዓመታት የዘለቀ የመስክ ሥራ ተካሄደ። እንዶዱ በአካባቢው ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶ በወንዞቹ ላይ ይረጭ ነበር። በሥራው ማብቂያ በሽታው ከ63 በመቶ ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ትንንሽ ሕፃናቱን ብቻ ስናይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። የልጆቹ ቁጥር የበለጠ የሚናገረው ለምን መሰላችሁ? ትልቁ ሰው ትሉን ከድሮው ይዞት ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ካልያዘው ውኃው ነጽቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ ዓለም የሚገዛው መድኃኒት አልሆነም። በአውሮፓ ፋብሪካ የሚሠራ ኒክሎሳማይድ የሚባል የቀንድ አውጣ መግደያ ነበር፤ ዋጋው ውድ፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ። እንዶድን ደግሞ ገበሬ አጥሩ ላይ ሊተክለው ይችላል። ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማት ግን በኢትዮጵያ የተገኘው ውጤት አልበቃቸውም። ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው በበለጸጉት አገሮች መስፈርት፣ በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንደገና ይመርመር ተባለ። ለጥንቃቄ ከሆነ ማንም አይቃወምም፤ ውኃው የሚጠጣ ነው። ነገር ግን ምርመራው የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚሰጥ ጠፋ፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ ማስረጃ የለህም ተባለ። እንዲህ እየተሽከረከረ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ በኋላ ባደረጓቸው ንግግሮች ጥርጣሬው በፍሬው ላይ ሳይሆን በአፍሪካ ላቦራቶሪና በአፍሪካዊ ተመራማሪ ላይ እንደነበረ አልሸሸጉም። በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የደኅንነት ጥናቱ ተሠራ፤ ውጤቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። እስከዚያ ግን ፕራዚኳንቴል መጥቶ ነበር። ዓለም ፊቱን ከቀንድ አውጣዋ ወደ እንክብሉ አዞረ። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ነገ እዚያው ውኃ ውስጥ የሚገባውን ልጅ ግን አይጠብቀውም። ወንድሜ ሐይቅ ሲሄድ አሁንም ይዋኛል።

አክሊሉ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቦታ አልተቀመጡም። ኢንስቲትዩቱን ለአሥር ዓመት ያህል ከመሩ በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ገቡ፤ ፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። ይህን ክፍል በአጭሩ የማልፈው ቢሮ ስለሆነ ነው። እንዶዱን ግን አልተዉትም። አገር ቤት የነበሩት የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡና እያወዳደሩ ዓይነት 44 የተባለውን ምርጥ ዘር ለይተው ነበር። በ1989 ሁለቱም በስዊድን የሚሰጠውን፣ ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

በቀጣዩ ዓመት አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል አሜሪካ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የዚያ አገር ሐይቆች በዚያን ሰሞን በአንዲት ከአውሮፓ በመርከብ በመጣች ቅርፊት ለባሽ ፍጥረት ተወረው ነበር፤ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ስለሆነች ዜብራ መስል ይሏታል። የውኃ ቧንቧዎች ውስጥ ተለጥፋ መግቢያቸውን ትዘጋለች። እንዶድ ቀንድ አውጣን ከገደለ ይቺንስ ተባለና ተሞከረ፤ ገደላት። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ። የአክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል አለ፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ነገሩ በዓለም ዙሪያ ክርክር አስነሣ፦ ከዓድዋ ወንዝ ዳር የተነሣ እውቀት ኦሃዮ ላይ የማን ንብረት ይሆናል?

እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ያልጠራ ነው። አክሊሉ ሳይንቲስት ናቸው፣ ሠርተዋል፣ ስማቸው መኖሩ ያስደስተኛል። ሆኖም ከላይ ባየነው ሒሳብ በግራ የገባ አቶም ሁሉ በቀኝ መገኘት አለበት። በግራ በኩል ሴቶቹ አሉ፤ በቀኝ በኩል ፈለግኳቸው፣ የሉም። አገራችን ኋላ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄኛው ዓመት የእኛ ነው) አውጥታ የዕፅዋት ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተካፋይነት እንዳይወጣ ደንግጋለች። ለእንዶዱ ዘግይቷል።

አክሊሉ ለማ በ1997፣ ስድሳዎቹን ገና እንደጀመሩ አረፉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተመልሰው በተማሩበት በጆንስ ሆፕኪንስ ያስተምሩ ነበር።

ጽሑፉን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ሰኞ ገበያ ተመልሼ እኚያን እናት እንዶዱ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀንድ አውጣውን አላውቅም፣ አልቅትን ግን እንደሚገድል እናቴ ትናገር ነበር አሉኝ። ይህን ማንም ሳይንቲስት አጥንቶት እንደሆነ ገና አልፈለግኩም። ከገዛሁት ስኒ ግማሹ ለነጠላ ሄዷል፤ ግማሹ ዶርም አለ። ከኬሚስትሪ ክፍል ለላብ የሚፈልግ ካለ መጥቶ መውሰድ ይችላል። ሲወቀጥ ግን አፍና አፍንጫ ሸፈን ይደረግ፣ ክፉኛ ያስነጥሳል።